የኮባልቱ ዕረፍት

አስካለ ጠዋት ጠዋት ላቦራቶሪው እንደገባች ነጭ ካፖርቷን ሳትቆልፍ እቶኑን ትቀሰቅሳለች። ሥራዋ ይኸው ነው፤ በጥቁር ግራፋይት ዋንጫ የታሸገ ኮባልት እቶኑ ውስጥ ይግላል፣ ይግላል፣ መቅለጥ ሲጀምር ግን ቢያነዱትም አልጨምርም ብሎ አንድ ቁጥር ላይ ቀጥ ይላል። የቤቱ ሰዎች ይህን «አረፈ» ይሉታል። ዋንጫዋ ሐዋሳ ካለው ላቦራቶሪ ተለክታ መጥታለች። የሁለቱ ቤት ቁጥር ካልገጠመ የአስካለ ቴርሞሜትር ዋሸ ይባላል፤ እሷም ከእቶኑ ፊት ትነሣለች፤ ባልደረባዋ ብርቄ ትተካለች። ከዚያ ወንበር መነሣት ለአስካለ ከሞት አያንስም። ጅል! ወንበር ለማን ታምኖ ያውቃል?

የዚያን ዕለት ቁጥሩ ሲወጣ የእቶኑ ማራገቢያ ጩኸት ራቀባት፤ ከግድግዳ ማዶ፣ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ መሰለ። ቀጥሎ ጠጉር ሲለበለብ የሚሸት ሽታ መጣ። ራሷን ዳበሰች፤ ደህና ነው። አጎንብሳ በእቶኑ ቀዳዳ ብታይ ውስጡ ፀሐይ የመሰለ ነጭ ፍም ነው፤ ፊቷን ግን ወላፈኑ አልነካትም። ያን ጊዜ ቁጥሩ ቀጥ አለ። ከሐዋሳው ጋር ልክክ! ሌላው ሁሉ ጠፋትና ስልኩን አንሥታ ሐዋሳ፣ ዋንጫዋን ወደለካው ወደ አቶ ሽብሩ ደወለች።

«አቶ ሽብሩ፣ አረፈች!»

ያነሣው አቶ ሽብሩ ሳይሆን ዘበኛው ጋሽ ላታሞ ኖሯል። «ማን ናት ያረፈች?»

«የእኛዋ ናታ! አስካለ...» «ነኝ» ሳትል መስመሩ ተንኮሻኮሸ።

«አስካለ? ውይ፣ ውይ! ያቺ ሳቂታ? እግዜር ያጥናችሁ!» ዘጋው።

«ደንቆሮ ሽማግሌ፣ በቁሜ ቀበረኝ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ክፍሉ ውስጥ አልተሰማም። መልሳ ብትደውል ስልኩ ድምፅ የለውም።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተ። ብርቄ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗ ቀልቶ ገባች፤ ከኋላዋ አለቃቸው አቶ ጥላዬ።

«አንቺ ደግሞ ማን ሞቶብሽ ነው?» አለች አስካለ። «ላታሞ ነው አይደል? ቁጥሩን እዪው፣ ገጥሟል!»

ብርቄ ቁጥሩን አየች። አስካለን አላየችም።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ወንበሯን ስመኝ እንዲህ ብዬ አልነበረም።»

«እናውቃለን፣ ልጄ። እቶን ግን ባዶውን አይነድም፤ ተቀመጪ።»

ብርቄ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ አስካለ ከተቀመጠችበት ወንበር ላይም፣ አስካለ ሳትነሣ፣ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።