የጥሩምባው ሚስት

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥር፣ ከገፈርሳ ውኃ የሚነሣው ብርድ ቡራዩን እስከ አጥንቷ ይዘልቃት ነበር። ዘመኑ አዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮቿን እያፈረሰች ሕዝቧን ወደ ዳር የገፋችበት ዘመን ነበርና፤ በአምቦ መንገድ ግራና ቀኝ ትናንት ጤፍ በበቀለበት ማሳ ዛሬ የኪራይ ቤት ይበቅልበታል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ሳያውቅ ይገባል፣ ሳያውቅም ይወጣል። ያን ሁሉ ነባርና መጤ አንድ የሚያደርገው እድሩ ብቻ ነበር፤ እድርተኛውን የሚጠራውም የተክሉ ጥሩምባ ነበር።

ተክሉ ከመንዝ የመጣ፣ በቡራዩ ዘመድ የሌለው ሰው ነው። ጎህ ሲቀድ በየመንደሩ እየዞረ መርዶ ይለፍፋል፤ ቀን የእድሩን ድንኳንና ወንበር ይጠብቃል። ሰው ግን ጉደኛ ነው፤ ያለ እርሱ ሬሳ እንደማይነሣ እያወቀ፣ መንገድ ላይ ሲያየው ፊቱን ያዞራል። “እንደምን አደርክ” የሚለው የለም፤ ሰላምታው “ደግሞ ማን ሞተ?” ነው። ስሙን የጠየቀውም አልነበረም፤ “ጥሩምባው” ይሉታል። ሚስቱ የወይንሐረግም “የጥሩምባው ሚስት” ሆና ቀረች፤ ገደ ቢስ ናት ተብላ ከአራስ ቤት አትገባም፣ ለሠርግም አትጠራም። ልጅ አልወለዱም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል በስማቸው የሚጠራሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

የወይንሐረግ ታማ ሕመሙ የጸናባት ሰሞን እጁን ያዘችው።

“ተክሉ፣ የኔ ቀን ሲደርስ በስሜ ጥራኝ። አንድ ቀን እንኳ ሰው ስሜን ይስማው።”

“እጠራሻለሁ” አላት።

ያ ቀን አልዘገየም። በወጉ ሐዘንተኛ ከቤቱ አይወጣም፤ ነገር ግን ከተክሉ በቀር ነፊ ስላልነበረ፣ ሬሳዋን ብቻዋን ትቶ ጥሩምባውን አንሥቶ ወጣ።

“የአቶ ተክሉ ባለቤት፣ ወይዘሮ የወይንሐረግ አርፈዋልና፣ እድርተኛ ሁሉ ውጣ!”

ተመልሶም በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ተቀመጠ። ፀሐይ ወጣች፤ ወያላዎች የአስኮንና የመርካቶን ስም እየጠሩ ሚኒባሳቸውን ሞሉ፤ ወደ ቤቱ የመጣ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለውን ብቸኝነት ለጠላትም አይስጥ። ስንቱን ሰው ያስለቀሰ ሰው፣ ለራሱ ሬሳ አልቃሽ አጣ።

ረፋዱ ላይ የእድሩ ዳኛ ኦቦ ነገሳ ከዘራቸውን ይዘው፣ ተቆጥተው መጡ።

“አንተ ጥሩምባው፣ ምን ዓይነት አነፋፍ ነው የነፋኸው? ሰው በየደጁ ቆሞ ይጠያየቃል። ተክሉ የሚባለው ማነው? አዲስ ተከራይ ነው? ድንኳኑን ወዴት እንውሰደው?”

“ወደዚሁ ነው፣ ኦቦ ነገሳ።”

አዛውንቱ በበሩ አሻግረው አዩ፤ አልጋው ላይ በነጠላ የተሸፈነችውን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“ጀባዹ፣ ልጄ፤ በርታ። ለካ ተክሉ አንተ ነህ። ይህን ያህል ዘመን ዳኛህ ሆኜ ስምህን አለማወቄ አሳፈረኝ።”

“እርስዎ ብቻ አይደሉም።”

“እንግዲያው እንደገና ውጣና ንፋ። የጥሩምባው ሚስት በላቸው፤ አገሩ ሁሉ ይመጣል።”

“በስሟ እንድጠራት ቃል አስገብታኛለች።”

“በስሟ ጠርተህ አየኸው እኮ። አንተና እኔ ብቻ እንሸከማት?”

ተክሉ ጥሩምባውን ይዞ ወጣ፤ አስቀድሞ “ወይዘሮ የወይንሐረግ” አለ፤ ቃሉን የጠበቀ መስሎት። ቀጥሎም፣ አፉን እየከበደው፣ “የጥሩምባው ሚስት” አለ። ሕዝቡ የሰማው ሁለተኛውን ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያማ መንገዱ ጠበበ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ቤታቸው እንዳትገባ የከለከሏት ሴቶች “የጥሩምባው ሚስት፣ ምስኪኗ!” እያሉ ደረታቸውን መቱ። እንባቸው የውሸት አልነበረም፤ ያለቀሱላትን ሴት ግን አያውቋትም። በቤተ ክርስቲያን ካህኑ የክርስትና ስሟን ጠየቁ፤ “ወለተ ጊዮርጊስ” አላቸው፤ ፍትሐቱም በዚያ ስም ሆነ። አፈሩ ሲመለስ ተክሉ “የወይንሐረግ” ብሎ ተጣራ፤ ለቅሶው ስለበረታ አጠገቡ የቆሙት እንኳ አልሰሙትም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ከእንግዲህ የእርሱንም ስም የሚጠራ ሰው እንደሌለ ያወቀው ያኔ ነው።

ቡራዩ ከዚያ በኋላ ፎቅ ሠራች፤ አስፋልቱ መቼ እንደገባ፣ የትኛው ባለሀብት ምን እንዳቆመ የሚናገር አላጣችም። እድሩም ሞትን በስልክ መልእክት ማስታወቅ ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ መልእክቶች አንዱ የተክሉ ሞት ነበር፤ ኦቦ ነገሳ ቀድመውት አርፈው ስለነበር ጸሐፊውን የሚያርም አልተገኘም። “ጥሩምባ ነፊያችን ስላረፈ እድርተኛ እንዲገኝ” ይላል መልእክቱ።

ለቀብሩም እጅግ ብዙ ሰው ወጣ።