ንጉሡን ማን ጠራው?

ደራሲው ራሱ በፈጠረው ቤተ መንግሥት ሥር ሞቶ ተገኘ። ቤተ መንግሥቱ በመጋዘን ውስጥ የቆመ ጣውላና ካርቶን ነው፤ ድንጋይ እንዲመስል ግራጫ ተቀብቷል። የማማው ከፍታ ግን የውሸት አልነበረም። ከአናቱ የተገነጠለው መደገፊያ እንጨት ከሬሳው አጠገብ ተጋድሟል።

መርማሪዋ ጡረታ የቀረባት፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። ከሬሳው ይልቅ እንጨቱን ረጅም ጊዜ አየችው። የተሰበረበትን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች። እሱም እንደ ሌላው ግራጫ ነበር።

«ራሱን ነው የጣለው» አለ የቴሌቪዥን ድራማው ዳይሬክተር። «አገር ሁሉ ሲያላግጥበት ከረመ። ድራማችንን አያዩም?»

«እኔን ዜናም ያስተኛኛል። ይንገሩኝ።»

«የሞተ ንጉሥ አለ፤ በጭጋግ ውስጥ ይመላለሳል። ሕጉ አንድ ነው፤ ሕያው ሰው ስሙን ሦስት ጊዜ ካልጠራው ደጃፍ አያልፍም። ባለፈው ክፍል ግን ልዕልቲቱ መኝታ ቤት ቆሞ ታየ። የጠራው የለም። ከዚያ ወዲህ ደራሲው ታክሲ ቢገባ፣ ፀጉሩን ሊቆረጥ ቢቀመጥ፣ ‹ንጉሡን ማን ጠራው?› ነው።»

«ጠሪውን መጻፍ ረስቶ ነው?»

ዳይሬክተሩ ዓይኑን ሰበረ። «የሞተ ሰው አይወቀስም» አለ።

ከሁለት ቀን በኋላ በሟቹ ቤት ቴሌቪዥኑ ክፍት ነበር። ጭንብል ያጠለቀው ንጉሥ በዝግታ ይናገራል። የሟቹ ሚስት ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም።

«ድምፁ የባለቤቴ ነው» አለች። «የንጉሡን ድምፅ እሱ ነበር የሚሰጠው። ልዝጋው እልና እጄ እንቢ ይለኛል። ትናንት በሩን ከፍቼ ሦስት ጊዜ ስሙን ጠራሁት። አብዳለች በሉኝ።»

«አልልም። እኔም እናቴን የምጠራበት ጊዜ አለ።»

«ልጄ ‹አባዬ ለምን ጥሎን ሄደ?› ትላለች። ምን ልመልስላት? እውነት ጥሎን ከሄደ ልወቀው።»

«ከፍታ ላይ መውጣት ይወድ ነበር?»

«እሱ? መጋረጃ የምሰቅለው እኔ ነኝ። ወንበር ላይ ሲወጣ እንኳ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ከጎኗ ተቀምጧል። የድራማው ኤዲተር ነው፤ የሚኖረውም እዚሁ ቤት ነው።

«ጋሼ ጠሪውን ሳይጽፍ ቀረ» አለ። «እኔ እጅ የደረሰ ነገር የለም። ሰው ነው፣ ይረሳል። ስንቱን ተሟገትኩለት።»

«ማማው ላይ ምን ሊሠራ ወጣ?»

«ምን አውቄ። ያ እንጨት እንደሆነ የልዕልቲቱን ሞግዚት እንኳ አልቻላትም፤ ጋሼን እንዴት ይችላል?»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየችውና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። «እስቲ ንጉሡ ሳይጠራ የገባበትን ክፍል አሳዩኝ።»

ልዕልቲቱ ትከሻዋ ተገልጦ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ምስሉ ወደ ጭጋጉ ዞሮ ሲመለስ ንጉሡ ከፊቷ ቆሟል። ትከሻዋ ላይ ቡናማ ሻርፕ አለ።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«የሞግዚቷ ሻርፕ ነው» አለች ሚስትየው። «ቆይ፣ እሷ ግን አልገባችም።»

«ልብስ አልባሿ ተሳስታ ይሆናል» አለ ወንድምየው።

«አንተ ስታቀናብር አላየኸውም?»

«ዓይን ይደክማል።»

በማግስቱ መርማሪዋ ዳይሬክተሩን፣ ሚስትየውን፣ ወንድምየውንና ማማውን የሠራውን አናጢ መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ከማማው ሥር ቆሙ። ማንም ወደ ላይ አላየም።

«ከእንጨቱ ልጀምር» አለች። «በቅርቡ የተሰበረ እንጨት ውስጡ ነጭ ነው። የዚህ ስብራት ግን ቀለም ገብቶበታል። ስለዚህ ከተሰበረ በኋላ ነው የተቀባው። መቼ ተሰበረ?»

አናጢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሲቀርጹ ነው እሜቴ። ሞግዚቷን የምትጫወተው አሮጊት እሱን ተደግፋ ንጉሡን ስትጣራ ቋ አለ። ለጥቂት ተረፈች። ለዓይን እንዲሞላ ብቻ በኮላ አጣብቄ ቀባሁት። ‹ማንም እንዳይደገፍ› ብዬ ለነበሩት ሁሉ ተናገርኩ። ደራሲው አልነበረም፤ ቀረጻ አይመጣም።»

«እስካሁን ለምን ዝም አልክ?»

«ፈራሁ። ኮላው የእኔ ነው።»

«እንግዲህ ሞግዚቷ ንጉሡን ጠርታዋለች። ተጽፏል፣ ተቀርጿልም። ከዚያ ወርዳ ለልዕልቲቱ ሻርፗን አለበሰቻት። ቀረጻው የት ገባ?»

«ይሄ ወንድሙ ነው ‹ጋሼ ይውጣልኝ ብሏል› ብሎ የነገረኝ» አለ ዳይሬክተሩ። «ለእኔ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ? አኮረፍኩት። ሲያላግጡበትም የራሱ ሥራ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ሚስትየው ዞረች። «እሱ ደግሞ ‹ዳይሬክተሩ ሳይጠይቀኝ ቆረጠብኝ› ብሎ ነው አንተን ያኮረፈው። ምኑን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ይህንንም የነገረው ወንድሙ ነው።»

«ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተኳረፋችሁ» አለች መርማሪዋ፤ «ውሸት በመሀላችሁ ጎጆ ቀለሰ። አንዳችሁ አንዳችሁን ብትጠይቁ ኖሮ በዚያው ቀን ይፈርስ ነበር።»

ወደ ወንድምየው ቀረበች።

«ልጄ፣ ቀረጻው እጄ አልደረሰም አልከኝ። እንጨቱ ሞግዚቷን እንዳልቻላት ግን ታውቃለህ። ማን ነገረህ?»

«አናጢው ይሆናል።»

«እኔ ካንተ ጋር ሰላምታ እንኳ የለኝም» አለ አናጢው።

«ቀረጻውን አይተኸዋል። ሟቹ ወንበር የሚፈራ ሰው ነው፤ ማማ ላይ በገዛ ፈቃዱ አይወጣም። የሚያምነው ሰው ሊያወጣው ይገባል። ደግሞ ለመሞት የወጣ ሰው መደገፊያውን ይሻገረዋል እንጂ አይደገፈውም።»

ወንድምየው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ኮምፒውተሩ ላይ ቦታ ላስለቅቅ ብዬ ፋይል ስሰርዝ ቀረጻው አብሮ ጠፋ» አለ። «እንጀራዬ ነው፤ ፈራሁ። አንዴ ከዋሸሁ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። ጋሼ ሰው ሲስቅበት እያየሁ እራት አብሬው እበላለሁ። በመጨረሻ እንደገና እንቀርጻለን፣ ና ቦታውን እይ ብዬ አመጣሁት። እጄን ይዞ ወጣ። እላይ ስንደርስ ‹ነገ ከዳይሬክተሩ ጋር እታረቃለሁ፤ ኩርፊያው ሰለቸኝ› አለኝ። ከታረቁ አለቀልኝ። እያወራ ወደ እንጨቱ ጀርባውን ሲሰጥ አየሁት። ‹ጋሼ› ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።»

«አላልክም።»

«አላልኩም።»

«ልትገድለው ነው ያወጣኸው?»

«ስንወጣ አላውቅም ነበር። ሲደገፍ ግን አወቅሁ።»

ሚስትየው ፊቱ መጥታ ቆመች።

«ሊሞት ፈልጎ አልነበረም?»

«አልነበረም እትዬ። ቤት ስንገባ ልጅቷን ሳይንስ አስጠናታለሁ እያለኝ ነበር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «ልብስህን በሰው እልክልሃለሁ» አለችው። «አንተ ግን ደጄን እንዳትረግጥ።»

ዳይሬክተሩ ሊሸኛት ተራመደ። በእጇ መለሰችው።

«ልጄ ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ነው» አለች። «የምነግራት አለኝ።»

መርማሪዋ ከባዱን የመጋዘን በር ገፍታ ከፈተችላት።