ሳይዘንብ የተነቀለው ሽቦ

ቆርቆሮ ሠሪው ጓሮው ውስጥ፣ ከወደቀው መሰላል ሥር ሞቶ ተገኘ። ሚስቱ እጅ እግሯ በሬንጅ ጠቁሮ ጣሪያው ላይ ቀርታ ትጮኽ ነበር። ጎረቤት ነው ሌላ መሰላል አምጥቶ ያወረዳት።

በሳምንቱ መጨረሻ መብረቅና ብርቱ ነፋስ ሊመጣ ይችላል ከተባለ ወዲህ ቤተሰቡ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ያን ዕለት ሚስትየው ጣሪያ እየወጣችና እየወረደች የምስማሩን ቀዳዳ በሬንጅ ስትደፍን፣ ባል ጣሪያውን የሚጫን አሸዋ በጆንያ ይሞላ ነበር። ይህን ቤትም የሰፈሩን ትምህርት ቤትም የሠራው ወንድሙ፣ ግንበኛው፣ ሊያግዝ መጥቷል። የሚስቲቱ እናት እማማ፣ ደመና ሳይታይ ጎርፍ የሚታያቸው፣ ሻማ ሊገዙ ሱቅ ሄደው ነበር።

አሁን በሩ ላይ ተገትረዋል። «ልጄን የሚወስድ አስቀድሞ እኔን ይሸከማል» አሏት ከፖሊስ የመጣችውን መርማሪ። «ከባድ ነኝ።»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ገለባ አታሳልፍም። አልተቆጣችም። «እንግዲያው አብረን እንይ፣ እማማ» ብላ ወደ ጓሮ አለፈች።

ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ መዳፎቹን አየች፤ ጫማውንም ገልብጣ አየች። ጸጉሩ ውስጥ አሸዋ ነበር። የመሰላሉን እርከኖች ስትነካ ጣቷ ጠቆረ፤ የአሸዋ ጆንያዎቹን ስትነካ ግን አልጠቆረም። ከቤቱ የሲሚንቶ ምሰሶዎች አንዱ በመሮ ተፈልፍሎ፣ ስብርባሪው ገና ትኩስ ሆኖ ሥሩ ወድቋል። ቀዳዳውን በባትሪ አበራችበትና ከንፈሯን ነከሰች።

ግንበኛው ሳይጠየቅ ተናገረ። ባልና ሚስት ጠዋት ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሰምቷል፤ ወንድሙ ሲወጣ ሚስቱ ከላይ መሰላሉን ገፍታ ጥላዋለች። እሱ ሳሎን ተቀምጦ የአየር ትንበያ በቴሌቪዥን እያየ ነበር፤ ድም ሲል ነው የወጣው።

ወንፊት ሚስቲቱን ለብቻዋ አነጋገረቻት። እማማ ደጅ ቆመው ጆሯቸውን በሩ ላይ ቢለጥፉም አንድም ቃል አልሰሙም። መርማሪዋ ስትወጣ ሳሎኑን ዞራ፣ ቴሌቪዥኑን ከጀርባው አይታ፣ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ሟች መሰላሉን አልወጣም» አለች። «እርከኖቹ በሚስቱ እግር ሬንጅ ተለውሰዋል፤ የእሱ መዳፍም ጫማም ንጹሕ ነው። ያልወጣ ሰው አይወድቅም። የመታው ምን እንደሆነ ጸጉሩ ይናገራል፤ የአሸዋ ጆንያ ነው። መሰላሉ የተጣለው ከዚያ በኋላ ነው። ሚስቱ ብትመታው ኖሮ ጆንያው በእጇ ሬንጅ ይጠቁር ነበር፤ ጆንያዎቹ ግን ንጹሕ ናቸው።»

«ከውጭ የገባ ይኖራል» አለ ግንበኛው።

«አንተ ትንበያ እያየህ ነበር አይደል?»

«አዎ። ስዕሉ እንደ መስተዋት ነበር።»

ወንፊት ወደ እማማ ዞረች። «ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በጨርቅ የታሰረውን የአንቴና ሽቦ ማን ነቀለው?»

እማማ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። «እኔ ነኝ። ትናንት፣ ማንም ሳያየኝ። ሳይዘንብ ምን ያስነቅልዎታል እያሉ ይስቁብኛል፤ ደብቄ ነቀልኩ። ምን ይጠበስ?»

ግንበኛው ቴሌቪዥኑን እንደ ከዳው ወዳጅ አየው።

«ምሰሶው ውስጥ ሲሚንቶውን የሚይዝ ፌሮ ብረት የለም» ብላ ቀጠለች ወንፊት። «ይህን ቤት የሠራኸው አንተ ነህ፤ ትምህርት ቤቱንም። ወንድምህ ቤቱ ነፋሱን ይችል እንደሆነ ሲፈትሽ ደረሰበት፤ ሕፃናቱ ላይ ሳይናድ ሊናገር ቆረጠ። ሚስቱ የተጨቃጨቀችው ‹መጀመሪያ ለወንድምህ ንገረው፣ ደምህ ነው› ብላ ነው። ነገረህ፤ አንተም በጆንያው መታኸው፣ መሰላሉንም ጣልክ።»

«ስሜን ሊቀብረው ነበር» አለ ግንበኛው። ፖሊሶች ይዘውት ሄዱ። ሕፃናቱም በዚያው ቀን ከትምህርት ቤቱ እንዲወጡ ተደረገ።

ከቀብር መልስ ሰማዩ ጠቋቁሯል። ሚስትየው በጥቁር ልብሷ የሬንጁን ጣሳ አነሳች። ለቀስተኛው ተቀመጪ፣ ነውር ነው አላት። «ነፋሱ ለቅሶ አይደርስም» አለች። «እሱ የጀመረውን እጨርሳለሁ።»

እማማ ተከተሏት፤ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ውጪ፣ ልጄ» አሉ። «አሁን የሚጥለው ካለ ይምጣ።»