የዋሲላ ላብ

ግንቦት 11 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሐይቅ ከተማ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ የጤና ኮሌጅ የፈተና ክፍል ውስጥና ደጁ ላይ የነበሩት አምስት ሰዎች ናቸው፤ ፈታኙ መምህር ሙሐዲን፣ ዕቃ ጠባቂው ሀሚዱ፣ ተፈታኞቹ ኢምራንና ሰሚሃ፣ አልጋው ላይ ደግሞ ዋሲላ። አራት ሰዓት ሲሆን ዋሲላ ሞታ ነበር።

ዋሲላ ታማሚ አልነበረችም። ከጅዳ ከተመለሰች ወዲህ ሥራዋ ታማሚ መምሰል ነበር። የኮሌጁ መለማመጃ አሻንጉሊቶች በጦርነቱ ተዘርፈው ስላለቁ ተማሪ የሚፈተነው በሰው ነው። እሷ ታቃስታለች፤ ተማሪው መርምሮ ሕመሟን ይናገራል።

ኢንስፔክተር ኑርዬ ሲደርስ ሰሚሃ በሁለት ፖሊሶች መሀል ቆማለች። ነፍሷን እንዲያተርፍ የተጠራው ሐኪም የዋሲላ የደም ስኳር እጅግ ወርዶ እንዳገኘው፣ ይህም የመርፌ ሥራ እንደሚመስለው ነገረው። የወጋቻት ደግሞ ሰሚሃ ናት፤ ደም ለመቅዳት።

«ተሳስታ መድኃኒት ሰጥታት ነው» አለ ሙሐዲን። «ወይም የሀሚዱ ብርጭቆ ነው። በመስኮት ተቀብዬ ሰጠኋት፤ ግማሹን ፊቴ ጠጣች።»

ሀሚዱ ደሙ ፈላ። መምህሩ በጠዋት ስኳር ያለው ውሃ አዘጋጅ ብሎት በጥብጦ እንዳቀበለ፣ ክፍሉን ግን እንዳልረገጠ በአላህ ስም ምሎ ተናገረ።

ኑርዬ የሬሳውን ክንድ ገለጠ። በክርኗ ውስጥ አንድ የመርፌ ምልክት፣ ከክንዷ ኋላ ሌላ። ከአልጋው ሥር ላብ ለማስመሰል ፊት ላይ የሚነፋ የውሃ ጠርሙስ አገኘ፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ከመስኮቱ ውጭ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ተሰልፏል።

ቀጥሎ ቀድሞ የተፈተነውን ኢምራንን ጠየቀው። ልጁ የፈተና ወረቀቱን አሳየ፤ «ላብ አጥምቋታል» ብሎ ጽፎ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል።

የዋሲላ እናት እትዬ ሂንድ እያለቀሱ ሲገቡ፣ ኑርዬ ቁርስ ምን እንደበላች በቀስታ ጠየቃቸው።

«ምን ቁርስ አለ ልጄ? በረመዳን ያልጾመችው ቀዷ ነበረባት። ለሱሁር፣ ለሌሊቱ መብል እንኳ አልተነሳችም፤ ጾማ ነው የወጣችው።»

ያኔ ኑርዬ በሩን ዘግቶ ሁሉንም አልጋው ዙሪያ አቆማቸው። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የሚያውቁት ሰዎች ይህን ይፈራሉ።

«ጾመኛ ግማሽ ብርጭቆ አትጠጣም» አለ። «ግማሹ በመስኮት ፈሷል፤ ጉንዳኑ አግኝቶታል። ማስመሰያው ውሃ አልተነካም፤ ስለዚህ ላቡ የራሷ ነው። ሰሚሃ ሳትገባ ኢምራን አይቶታል፤ ስለዚህ የሰሚሃ መርፌ አይደለም። ከኢምራን በፊት እዚህ የገባ ማን ነው? ሀሚዱ በመስኮት እንዳቀበለ ራስህ ነግረኸኛል፣ መምህር። ላልታመመች ሴት ገና በጠዋት ስኳር ያስበጠበጥህስ ስኳሯ እንደሚወርድ በምን አውቀህ ነው?»

የሙሐዲን ፊት አመድ መሰለ።

«እውነተኛ እንዲመስል ነው» አለ። «ባለፈው ያስመረቅናቸው ልጆች ቁስለኛ ሲመጣባቸው ደርቀው ቀሩ። በውሃ ላብ ሐኪም አይወጣም። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ወግቻታለሁ፤ ላብ የሚያመጣ መርፌ ነው ብያት እሺ ብላለች። ከፈተናው በኋላ ስኳሩን ጠጥታ ትነሳ ነበር።»

ሰሚሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«‹መምህር፣ ይቺ የምሯን ነው› አልኩዎት። ‹ትወናዋ ነው፣ ቀጥይ፣ ሰዓትሽ እየሄደ ነው› አሉኝ። እጇን ይዤ ቀጠልኩ።»

«ነጥብም ሰጥተሃል» አለ ኑርዬ። «ስትሞት ነጥብ እየሰጠህ ነበር። ከሞተች በኋላ ደግሞ ብርጭቆውን ደፍተህ ይቺን ልጅ ለገመድ አቀረብሃት።»

«ጾመኛ መሆኗን አልነገረችኝም።»

«አልጠየቅሃትም። ታማሚ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን በላህ፣ ምን ጠጣህ ነው፤ ኢምራን እንኳ ያውቀዋል። አንተ ሰው መሆኗን ረስተህ አሻንጉሊት አደረግሃት።»

እትዬ ሂንድ የልጃቸውን ግንባር በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

መምህር ሙሐዲን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ታሰረ። ሰሚሃ ወደ ቤቷ ሄደች። የዋሲላ ሬሳ ደሴ ተመርምሮ በማግስቱ ተመለሰ፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተቀበረች።