ተገልብጦ የቆመው ጉማጅ

ከሰል አክሳዩ ኦኩታኒ ጊሄይ የሞተው የምድጃው ጭስ ገና ሳይጠራ ነው። ሬሳው የተገኘው ወንዝ ዳር፣ ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቶ ነበር።

መርማሪ ካጂታ በጃፓን ያለውን የኪሹን ዳገት ሦስት ጊዜ አርፎ ወጣ። ለጡረታው አራት ወር ቀርቶታል፤ ጉልበቱ ግን ቀድሞት ጡረታ ወጥቷል።

ሦስት ሰዎች ጠበቁት፦ የሟቹ ታናሽ ወንድም ሳኪቺ፣ የሟቹ ሴት ልጅ ቺዩኖ፣ ከኦሳካ የመጣው ባሏ ሃሩኦ።

«ድልድዩ ላይ ሆኜ አይቻለሁ» አለ ሃሩኦ። «የሚስቴ አጎት አማቴን በጉማጅ መታቸው። ጉማጁን ወንዝ ውስጥ ጣለው፤ ውሃው እያንሳፈፈ ወሰደው።»

«ተጣልታችሁ ነበር?» ካጂታ ሳኪቺን ጠየቀ።

«አርባ ዓመት ሙሉ» አለ ሽማግሌው። «ቀጫጭኑን ዛፍ ተወው ይለኛል፤ ቁረጠው እለዋለሁ። ትናንትም ተባብለናል።»

«አጎቴ፣ ምናለ ዝም ቢሉ» አለች ቺዩኖ።

«እውነት ነዋ። ጌታው፣ የሚያስሩኝ ከሆነ ነገ ምድጃው እስኪከፈት ይታገሱኝ። የወንድሜ የመጨረሻ እሳት ነው። ካለፈበት አመድ ነው።»

ካጂታ ቺዩኖን ለብቻዋ አነጋገራት።

«የአባትሽን ተራራ የሚፈልገው ሰው አለ?»

«ባሌ ለመንገድ ሠሪዎች እንሽጠው ይላል። አባቴ እምቢ አለ።»

ካጂታ ወደ ወንዙ ወረደ። ዳገቱን የሸፈነው ኡባሜ የሚሉት የኦክ ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ትንሽና ደረቅ፣ በብርድም የማይረግፍ፤ ፍሬው ለመብሰል ሁለት መኸር የሚጠብቅ። የማይቸኩል ዛፍ። ካጂታ ቀናበት። ወንዙ ከጉልበት አያልፍም፤ ወለሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ጉማጅ የለበትም።

ተመልሶ ሁሉንም ሰበሰበ። «አንዴ ነው የምናገረው፤ ደክሞኛል» አለ። ከመሬት አንድ ጉማጅ አንስቶ ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ጨመረ። እንደ ድንጋይ ሰመጠ።

«ይህ እንጨት አይንሳፈፍም። ወንዝ ውስጥ ቢጣል እዚያው ወለሉ ላይ ይገኝ ነበር።»

«ሌላ ዓይነት እንጨት ይሆናላ» አለ ሃሩኦ።

«እዚህ ሌላ እንጨት አለ?»

ካጂታ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ሳኪቺ፣ እንጨቱን ምድጃ ውስጥ እንዴት ነው የምታቆሙት?»

«ወፍራሙ ጫፍ ወደ ላይ። እሳቱ የሚበረታው ከላይ ነዋ። ከመክተታችን በፊት ውጭ ግድግዳ ላይ ስናስደግፈውም እንደዚያው፤ እጃችን ለምዶታል።»

ካጂታ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። መቶ ያህል ጉማጅ ወፍራም ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ቆሟል። የአንዱ ብቻ ቀጭን ጫፍ ከላይ ነው፣ ዛፉ እንደበቀለው።

«ቺዩኖ እንጨት ማቆም የጀመረችው ከስንት ዓመቷ ነው?»

«ከሰባት» አለ ሳኪቺ።

«እንግዲህ ይህን ያቆመው እጅ እዚህ እንግዳ ነው።»

በጓንት አንስቶ ገለበጠው። ወፍራሙ ጫፍ ታጥቧል። በቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ግን ሁለት የሽበት ፀጉር ቀርቷል።

«አንዲት ፊርማ ነበር የጠየቅኳቸው» አለ ሃሩኦ፣ መሬት መሬት እያየ።

ካጂታ ሃሩኦን ይዞ ወረደ። ሳኪቺ ወደ ጭሱ ተመለሰ። ቺዩኖ ግድግዳው ላይ የቀረውን ክፍተት ስታይ ቆየች። ከዚያ ከመሬት ጉማጅ አነሳች፤ ወፍራሙን ጫፍ በእጇ ዳስሳ ለየችና ወደ ላይ አድርጋ አቆመችው።