የደርበው ኩራዝ

የደርበው ሬሳ በጋቢ ተሸፍኖ ዋሻው ደጃፍ ላይ ተጋድሟል። የመንደሩ ሰው ግን የሚሸሸው ሬሳውን ሳይሆን ከበስተኋላው የተከፈተውን ጨለማ ነበር።

ከዳባት ወጣ ብላ ባለችው ከሰል ጉድባ ቀድሞ የድንጋይ ከሰል ይወጣ ነበር። ቆፋሪዎቹ ሲሄዱ ገበሬዎቹ ለዋሻው በር ገጠሙለትና የዘር ድንች ማስቀመጫ አደረጉት። ተዘግቶበት የከረመ ድንች አየሩን ስለሚያበላሽ፣ ኩራዝ ሳያስቀድም የሚገባ የለም፤ መብራቱ ከጠፋ ይመለሳል። መዝሪያው ሳምንት ቀርቶታል። ዘሩን ገብቶ የሚያወጣ ግን ጠፋ።

ከደባርቅ የመጣችውን ኢንስፔክተር ሠርካለምን ቀድሞ ያነጋገራት ቁልፍ ያዡ ዘመነ ነው።

«ደርበው ትናንት ጠዋት ቁልፉን ወስዶ ቀረ። ዛሬ መጥቼ ኩራዝ ባስቀድም እልም አለ። አፌን በጨርቅ አፍኜ ከነኩራዙ ጎትቼ አወጣሁት። ዋሻው ሰው በላ፤ ይዘጋ!»

ሠርካለም ከሬሳው አጠገብ የተገኘውን ኩራዝ ነቀነቀችው። ባዶ ነው፤ ክሩ አመድ ሆኗል። የሟቹን ልብስና መሬቱን አሸተተች። የፈሰሰ ጋዝ የለም።

«ጋዙን ማን ሞላለት?»

«እኔው ነኝ፣ እስከ አፉ» አለች ሚስቱ ሥራዬ እያለቀሰች። «ድንቹ አቆጥቁጦ እንደሆነ ልይ ብሎ ነው የወጣው።»

ሽማግሌው ያርጋል በወጣትነታቸው እዚያው ከሰል ቆፍረዋል። እሳቸውም ከደጃፉ ራቅ ብለው ቆመዋል።

«አያ ያርጋል፣ ይህ አየር መብራቱን ትቶ ሰውን ይገድላል?»

«ኧረ ልጄ! መብራቱ ነው የሚቀድመው። እኔንም ያስፈራኝ ይኸው ነው።»

ሠርካለም የሟቹን ከንፈር ገለጥ አደረገች። በጥርሱ መሀል የጆንያ ክር ተሰክቷል። ሁሉንም ወደ ደጃፉ ጠራቻቸው።

«አየሩ ገድሎት ቢሆን ኩራዙ ጠፍቶ ጋዙ በተረፈ ነበር። ኩራዙ ግን ባለቤቱ ከሞተ በኋላም እስኪደርቅ ነዷል። ደርበው የታፈነው በጆንያ ነው። ‹መብራቴ ጠፋ› ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማንም እንዳይገባ የፈለገ ሰው።»

«ዋሸሽ!» አለ ዘመነ። «ለምን ብዬ?»

«ተዘግቶ የከረመ ድንች አየሩን ያበላሻል አላላችሁም? አየሩ ደህና ከሆነ፣ ውስጥ ድንች የለም።»

ገብታ አንድ ጆንያ እየጎተተች ወጣችና አፉን ፈታችው። ጥቁር ድንጋይ ተዘረገፈ።

«ዘሩስ?» አለች ሥራዬ።

ዘመነ መሬት መሬት አየ። «ተሽጦ ሊማሊሞን ከወረደ ቆየ። ተበልቷል።»

ሲሸሽ የዋለው ሕዝብ እየተጋፋ ወደ ዋሻው ገባ፤ እያንዳንዱ የራሱን ጆንያ ፍለጋ። ከውስጥ ጆንያ ሲቀደድ፣ ከዚያም ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማ።