ከወለሉ ሥር ያለው ትንፋሽ

ይህ የሆነው ሌሊት አይደለም። ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ሰሜን ፊንላንድ፣ ኬሚያርቪ አጠገብ፣ አባቴ ጋራዥ ውስጥ። በኅዳር ወር እኛ ዘንድ በስምንት ሰዓት ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ቢሆንም የጋራዡ መብራት በርቶ ነበር። አልጠጣሁም። እንቅልፍም አልነበረብኝም።

ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ማመን ያቃተው ሰው ቢኖር አልቀየመውም... እኔም ባላምነው ደስ ባለኝ።

አባቴ ታይስቶ ይባላል። ዕድሜውን ከመሬት በታች ማዕድን ሲቆፍር ኖሮ፣ የድንጋይ አቧራ ሳንባውን በላው። ያን ሰሞን ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ "ለገና የሚደርስ አይመስለኝም" አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ጠየቀኝ።

"ምን አለህ ያ ፊተ ረጅም?"

"ደህና ነው አለኝ።"

"ደህና ከሆንኩ አንተን ምን ያስለቅስሃል? በል ስማኝ። ባሕሩን ማየት እፈልጋለሁ። የበረዶውን ባሕር። አንዴ ብቻ።"

ከዚያ በፊት አንድም ነገር ለምኖኝ አያውቅም።

ባሕሩ ከእኛ ሩቅ ነው፤ ኖርዌይ ጫፍ ላይ። አባቴ ደግሞ ተቀምጦ መጓዝ አይችልም፣ መጋደም አለበት። ቀዝቃዛ አየር ከነካው ይታፈናል። ስለዚህ አልጋ ያለው፣ ውስጡ የሚሞቅ መኪና ፈለግኩ።

ያገኘሁት እኔ ከመወለዴ በፊት የተሠራ አሮጌ መኪና ነው። ፊቱ መኪና፣ ኋላው ቤት። አልጋ አለው፣ ጠረጴዛ አለው፣ ትንሽ ምድጃ አለው። ወለሉ ግን በስብሷል። ማሞቂያውም ከሞተ ቆይቷል።

የሸጡልኝ ሂልካ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ሁሉንም ነገር ውጭ ቆመው በጣታቸው እያመለከቱ ነው ያሳዩኝ።

"ገባ ብለው ቢያሳዩኝስ?" አልኳቸው።

"ጫማ ማውለቅ ሰልችቶኛል" አሉኝ።

እኛ ዘንድ ቤት ውስጥ በጫማ አይገባም። መኪናም ቢሆን አልጋ ካለው ቤት ነው። ስለዚህ ነገሩ አላስገረመኝም።

መኪናውን ጋራዡ ውስጥ አስገብቼ ሥራ ጀመርኩ። አባቴ ከጋራዡ የእንጨት ምድጃ ጥግ፣ ወንበር ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይመለከተኛል። የኦክስጅን ሲሊንደሩ እግሩ ሥር ነው። ሁለት ቃል ይናገራል... ያርፋል... ሁለት ቃል ይናገራል።

መጀመሪያ የፕላስቲክ ምንጣፉን ገፈፍኩ። ከሥሩ ያለው ኮምፔንሳቶ ውኃ እንደነካው ዳቦ በእጄ ላይ ይፈርሳል። እሱን አንሥቼ የሻገተውን ስፖንጅ አወጣሁ።

ከዚያ አንድ ያልጠበቅኩት ነገር አየሁ።

የመዳብ ቱቦ።

ከአልጋው ሥር ይነሣል፣ ወለሉን ሁሉ እየተጠማዘዘ ይዞራል፣ ተመልሶ አልጋው ሥር ያልቃል። ከማሞቂያው ጋር አልተገናኘም። ከምንም ነገር ጋር አልተገናኘም።

ሁለቱም ጫፎቹ በሰም ተደፍነዋል።

"ምን... አገኘህ? ወርቅ?" አለ አባቴ።

"መዳብ ነው። ማን እንዳስገባው እንጃ።"

"መዳብ ከሆነማ... እንዳትጥለው። በእኛ ጊዜ... መዳብ የጣለ ሰው... ዕብድ ተብሎ ይታሰር ነበር።"

"ለምን እንደተደፈነ ሳላውቅ?"

"መዳብ... መዳብ ነው። የልደት ካርድ አይጠየቅም።"

ሁለታችንም ሳቅን። እሱ ሳቁን ሳይጨርስ ሳል ያዘው።

እውነቱን ነው ብዬ አሰብኩ። ንጹሕ መዳብ ነው፣ አልዛገም። አዲስ ቱቦ ከምዘረጋ ይህንኑ ወለሉን ለማሞቅ ከገዛሁት አዲስ ቦይለር ጋር ላገናኘው።

ሰሙን በካቻቢቴ ፈነቀልኩት።

ፊሽሽሽ...

አየር ፊቴ ላይ ወጣ። ቱቦው ሲነኩት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ አየሩ ግን ለብ ያለ ነበር። ገና ከእንቅልፉ የነቃ ሰው አፍ የሚሸተውን ዓይነት ሽታ ሸተተኝ።

'ታፍኖ የቆየ አየር ነው' አልኩ ለራሴ። ሥራዬን ቀጠልኩ።

አዲስ ስፖንጅ አነጠፍኩ። መዳቡን በቦታው መለስኩ። አዲስ ኮምፔንሳቶ ቆርጬ በብሎን አሰርኩ። ቦይለሩንና ፓምፑን አልጋው ሥር ገጠምኩ። በብርድ የማይረጋውን ሮዝ ፈሳሽ ሞላሁ። የቀረኝ በቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር ማስወጣት ብቻ ነበር።

ስምንት ሰዓት ያልኳችሁ ያኔ ነው።

ቦይለሩን አላበራሁትም። ፓምፑን አላበራሁትም። የኤሌክትሪክ ገመዳቸውን እንኳ ገና አላገናኘሁም። ይህን ልብ በሉልኝ።

የአየር ማስወጫዋን ብሎን ላላ አደረግኳት። እንዲህ ሲደረግ ጥቂት አየር ይወጣል፣ ፈሳሹ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከዚያ ይዘጋል። አለቀ።

ፈሳሹ አልመጣም።

አየሩ ወጣ... ወጣ... ወጣ...

ቆመ።

ጣቴን ቀዳዳው ላይ አደረግኩ።

ጣቴን ወደ ውስጥ ሳበው።

ትንሽ ቆየና ገፋው።

ሳበው...

ገፋው...

"ሳምፖ።"

ስሜን የጠራኝ ከኋላዬ ነው። አባቴ በካልሲ፣ አዲሱ ወለል ላይ ቆሟል። ያለ እኔ ድጋፍ አንድ ደረጃ መውጣት የማይችለው ሰው።

"እንዴት ገባህ?"

"በእግሬ ነዋ! በክንፌ ልገባ ኖሯል?"

አላረፈም። በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረው። ሲሊንደሩን ወንበሩ ጋ ትቶታል።

"አባ፣ ደረትህ..."

"ስማ" አለኝ በሹክሹክታ። በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚህ በፊት የነበረው የፉጨት ድምፅ የለም። "ስንት ዓመቴ ነው እንዲህ ከተነፈስኩ? ምን ዓይነት ቤት ነው የሠራህልኝ፣ አንተ ልጅ?"

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ብሎኗን አጠበቅኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ መኪናው ውስጥ ማደር ጀመረ። ገመዱን አገናኝቼ ቦይለሩን ላበራ ስል እጄን ያዘው።

"ተወው። ይሞቀኛል።"

እውነትም ወለሉ በካልሲ ሲረግጡት ለብ ይላል። ቦይለሩ ግን በረዶ ነው።

ምግብ መብላት ጀመረ። በጢስ ያደረቅነውን ዓሣ ከነቆዳው በላ። በካርታ ጨዋታ ያሸንፈኝና "የሞተ ሰው አሸነፈህ፣ አታፍርም?" እያለ ይሳለቅብኛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ግን ጠዋት ጠዋት መስታወቶቹ በእንፋሎት ተሸፍነው ውኃው ወደ ታች ይንቆረቆራል። አንድ ሰው ብቻ ያደረበት አይመስልም።

ደግሞ ዝም ብለን ስንቀመጥ ይሰማኛል። ከወለሉ ሥር። ቀስ ያለ... ሲገባ... ሲወጣ... ከአባቴ ደረት ጋር እኩል።

አንድ ቀን ግቢው ማዶ ያለውን ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያችንን፣ አሞቅኩለት። ከጋራዡ ወጥቶ የግቢውን እኩሌታ እንደሄደ በጉልበቱ ወደቀ። አፉን ከፍቶ አየር ይፈልጋል፤ አየሩ አይገባለትም። ተሸክሜ መኪናው ውስጥ መለስኩት። እግሩ ወለሉን እንደነካ... ተነፈሰ።

በዚያው ቀን ለወይዘሮ ሂልካ ደወልኩ።

"የመዳቡን ቱቦ ማን ነው ያስገባው?"



"ባለቤቴ።"

"ለምን?"

"ትንፋሽ ያጥረው ነበር። እዚያ ሲሆን ይሻለዋል።"

"ነፍስ ይማር። መቼ ነው ያረፉት?"

"ማን ዐረፈ አለህ?"

ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አጠገባቸው ያለ ሰው እንዳይሰማቸው የፈሩ ይመስላሉ።

"ልጄ... ሰሙን አነሣኸው እንዴ?"

አልመለስኩም።

"አንሥተኸዋል" አሉ። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ስደውል አንሥተው አያውቁም።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ አባቴ ሸለብ ሲያደርገው ጠብቄ ባልዲ ይዤ ከመኪናው ሥር ገባሁ። ፈሳሹን ላፈሰው ነው። ከዚያ ወለሉን ቀድጄ መዳቡን አውጥቼ ወንዝ ውስጥ ልጥለው። ባሕሩን በሌላ መንገድ አሳየዋለሁ አልኩ። ተሸክሜም ቢሆን።

የማፍሰሻውን ብሎን በቺያቤ ፈታሁት።

ሮዙ ፈሳሽ ባልዲው ውስጥ ወረደ። ለብ ብሏል።

ከላይ ሳል ተሰማኝ።

ከዚያ ሳሉ ቆመ... ተረከዝ ወለሉን መምታት ጀመረ። ዱም። ዱም። ዱም።

ብሎኑን መልሼ አጥብቄ እየሮጥኩ ገባሁ። አባቴ ወለሉ ላይ ወድቋል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ደረቱ አይንቀሳቀስም። ጭንቅላቱን ታቅፌ መዳፌን ወለሉ ላይ አደረግኩ።

ወለሉም ዝም ብሏል።

"እባክህ..." አልኩ። ማንን እንደለመንኩ አላውቅም።

መዳፌ ሥር ኮምፔንሳቶው በጥቂቱ ከፍ አለ። ዝቅ አለ።

መጀመሪያ ወለሉ ነው የተነፈሰው።

ከዚያ አባቴ።

ዓይኑን ሲገልጥ እጄን አጥብቆ ያዘኝ።

"ታውቃለህ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።"

"ምንድን ነው?"

"አልጠየቅኩትም።" ክንዴን ተደግፎ ተቀመጠ። "ልጄ፣ ባሕሩን ብቻ ልየው። ከዚያ የፈለገውን ይውሰድ። አንተ ግን እንዳትነካው።"

"ከፈለገው ነገር አንዱ አንተ ብትሆንስ?"

"ይኼን ጭራሮ? ይበላበት!"

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ባልዲው ውስጥ የነበረውን ፈሳሽ መልሼ ሞላሁት። በገዛ እጄ ሞላሁት።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ መንገድ ጀመርን። አባቴ ተጋድሞ መንገዱን ሁሉ ይቀልድብኛል። "እንዲህ የምትነዳ ከሆነማ ባሕሩ ራሱ ወደ እኛ ቢመጣ ይፈጥናል" ይለኛል። ወለሉ ከእግሬ ሥር ሲገባ፣ ሲወጣ ይሰማኛል። እየፈጠነ ነበር። ልክ የሚጓጓ ሰው እንደሚተነፍሰው።

ባሕሩ ዳር የደረስነው እኩለ ቀን ላይ ነው። በዚያ ወቅት ፀሐይ አትወጣም፤ ሰማዩ ብቻ ለጥቂት ሰዓት ሰማያዊ ይሆናል። ሞተሩን አጠፋሁ። አንድም ሰው የለም። ማዕበሉ ድንጋዩን ይመታል። ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል።

"አውርደኝ" አለ።

"አይሆንም። ግቢያችንን እንኳ መሻገር አልቻልክም።"

"በመስታወት ለማየት አይደለም የመጣሁት።"

ክንዱን ይዤ አወረድኩት። በሩን ዘጋሁ። ይወድቃል ብዬ ሁለት እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩ።

አልወደቀም።

እጄን ለቀቀና ብቻውን እስከ ውኃው ዳር ሄደ። ቀጥ ብሎ። እንደ ወጣት።

"እናትህን እዚህ ነው የሳምኳት" አለኝ። "በጥፊ አጮለችኝ። ከዚያ መልሳ ሳመችኝ። ለማንም አልነገርኩም ነበር።"

ሳቅኩ። ከሳቄ ጋር ከአፌ ነጭ እንፋሎት ቡልቅ ብሎ ወጣ።

አባቴም ሳቀ።

ከእሱ አፍ ምንም አልወጣም።

ማውራቱን ቀጠለ። ስለ እናቴ ኮት፣ ስለ ነፋሱ፣ አብረው በልተውት ስለነበረ ዓሣ። ረጅም፣ የማያቋርጥ ወሬ። መዳፌን ወደ አፉ ጠጋ አደረግኩ። አየር የለም። ሙቀት የለም። ድምፁ ብቻ።

"ምነው?" አለኝ።

"ምንም።"

እሱ ዓይኑን ወደ ባሕሩ መለሰ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ቀስ ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ።

መኪናው እንደተዘጋ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል። ውስጡ ማንም የለም። የመኝታው መስታወት ግን፣ የአባቴ ትንፋሽ ውስጥ የቀረ ይመስል፣ በእንፋሎት ይሸፈናል... ይጠራል... ይሸፈናል... ይጠራል...

ከዚያ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆነ።

አንድ መዳፍ መስታወቱን ከውስጥ ጠረገው። ቀስ ብሎ። ባሕሩን ለማየት።